ሃያ ስድስት ጠዋት፣ አንድ ሹሩባ

ታይታ፣ ኬንያ፣ ሐሙስ ኖቬምበር 21 ቀን 2024

ለዓይኔ ብርሃን ለዋውዳ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ተያዘ። እንደምን እንዳለሽማ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ለሰባ ሺህ ሰው ትናገሪያለሽ፤ ያልሰማሁት እኔ እናትሽ ብቻ ነኝ። በስልክ ድምፅሽን ካገኘሁት ዛሬ ሃያ ስድስት ቀኔ ነው። እማዬ ማለቱን ትተሽ እንደ ደንበኞቼ «ፉንዲ፣ ባለሙያዋ» ስትዪኝ እናደድ ነበር። አሁን አንድ ጊዜ ደውለሽ እንደፈለግሽ ብትሰድቢኝ ደስታዬ ነው።

እስቲ ከቤት ወሬ ልጀምርልሽ። ዝናቡ በኖቬምበር መባቻ ገባ፤ አገባቡም የጤና አይደለም። የፀጉር ቤቴ ጣሪያ ልክ ከመስተዋቱ በላይ ስለሚያፈስ ሳፋ ደቅኜ ነው የምሠራው፤ ደንበኛ ጃንጥላ ይዛ ተቀምጣ ሹሩባ ስትሠራ አይተሽ ታውቂያለሽ? እዚህ መጥተሽ እዪ። የሻሊ እናት፣ ያቺ «ልጅሽ ስልክ ይዛ ስትለፈልፍ መዋሏን ሥራ ትይዋለሽ?» እያለች ስትነዘንዘኝ የኖረችው ጎረቤታችን፣ አሁን የራሷን ልጅ ከፍየሎቹ በረት ፊት አቁማ ትቀርጻታለች። ባለፈው ፍየሉ የልጅቷን ቀሚስ ከኋላ ሲበላ ሳያዩ ለቀውት አገር ሳቀ። እሷ እቴ፣ «ተከታይ አገኘን!» ብላ ደረቷን ነፍታለች። አንቺ ብትኖሪ በሳቅ ትሞቺ ነበር። ምን አልኩ! ምላሴን ይቁረጠው።

አባትሽ አንድ እጁ ዛሬም አይታዘዝለትም፤ አፉ ግን ክፉ አይንካው፣ ከድሮው ብሷል። ጠዋት ጠዋት በትራስ ደግፌ አስቀምጠውና ስልኩን የስኳሩ ቆርቆሮ ላይ አስደግፍለታለሁ። አንቺ «እንደምን አደራችሁ የኔ ሰዎች!» ስትዪ እሱ ልክ በር ላይ እንደቆምሽ ሁሉ «ደህና አደርሽ» ይልሻል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቀይዋን ልብ ጫኚላት እንጂ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ!» ይላል። ሊጠይቀው የመጣውን ሁሉ «ዛሬ ቢጫ ለብሳለች፤ ያንን የአጥሚት ዱቄት ነው ያስተዋወቀችው» እያለ ያደርቃል። በቃጫ እርሻው ሲሠራ እንኳ እንዲህ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

እኔም እንደ እሱ ባየሁሽ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። የመጀመሪያው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳትደውዪ ስትቀሪ «ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩ። በሁለተኛው እሁድ «ስልኳ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኩና፣ ስልኩ ከተበላሸ በየጠዋቱ በምን ትቀረጻለች ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ስደውል የምታነጋግረኝ ያቺ «ደንበኛዋን ማግኘት አልተቻለም» የምትለዋ ሴትዮ ብቻ ናት። ከእሷ ጋር ተላምደን ልንጠያየቅ ምንም አልቀረን።

ስለዚህ አርብ ዕለት ከቪዲዮሽ ሥር «ልጄ፣ እናትሽ ነኝ፣ ደውዪልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው መልስ መጣ። «እወድሻለሁ ማሚ» ይላል፤ ሦስት ቀይ ልብ ተደርድሮበታል። አባትሽ «ይኸው መለሰችልሽ፤ ደግሞ ምን ፈለግሽ!» አለኝ። እኔ ግን መልሱን ደግሜ አነበብኩት። ማሚ? ልጄ ከተወለደች ማሚ ብላኝ አታውቅም።

ፀጉርሽን ማየት የጀመርኩት ያን ዕለት ነው። እስከዚያ የማየው ፊትሽን ነበር። ሹሩባሽን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ኦክቶበር 13፣ እሁድ፣ እዚሁ ቤት። መብራት ሄዶብን ከግራ ጆሮሽ በላይ ያለው መስመር ጠመመብኝ። «ፈትቼ ልድገመው» ስልሽ «ተዪው ፉንዲ፣ ማን ያየዋል!» አልሽ። እኔ አየዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጭንቅላት ላይ ስሠራ ኖሬ፣ አንድ ሹሩባ ከተሠራ ስንት ቀኑ እንደሆነ ከመንገድ ማዶ አይቼ እነግርሻለሁ። በሁለት ሳምንቱ ከሥሩ መላላት ይጀምራል። በወሩ የሩዝ ፍሬ ያህል አዲስ ፀጉር ይበቅላል፤ በአርባ ቀኑ «ኧረ ፍቱኝ» ይላል።

ወደ ኋላ ሄጄ የመጀመሪያውን ቀን አየሁ፤ ከዚያ አምስተኛውን፣ ከዚያ አሥራ ሁለተኛውን፣ ከዚያ የዚያኑ ዕለት ጠዋቱን። ልብሱ ይቀያየራል፤ ጉትቻው ይቀያየራል፤ አንድ ቀን ሻሽ ነው፣ አንድ ቀን ባርኔጣ። ሥሩ ግን ያው የሁለት ሳምንት ሥር ነው። ጠማማው መስመር ላይ አፈንግጣ የቆመች አንዲት ዘለላ አለች፤ በሃያውም ጠዋት እዚያው ቆማለች። ልጄ፣ የሰው ፀጉር ማደጉን የሚተወው… ተይኝ፣ አልጨርሰውም። ስልኩን ደፍቼው ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበለኝ ወጣት አስር አለቃ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ስምሽን ስነግረው ፊቱ በራ።

«ዋውዳ? የአጥሚቷ ዋውዳ? እማማ፣ ጠፋች የሚሏትን ልጅ እኔ ቁርሴን ስበላ አየኋት እኮ!» ብሎ ስልኩን አወጣ። አረንጓዴ ለብሰሽ ትስቂያለሽ። «ይኸው! ከእኔም ከእርስዎም ትሻላለች።»

«ልጄ፣ ፀጉሯን ተመልከተው፤ አላደገም» አልኩት።

«የምን ፀጉር?»

አስረዳሁት። የእሱን ስልክና የእኔን ጎን ለጎን አድርጌ አሳየሁት። ዓይኑን አጥብቦ አየና «እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ለእኔ ሁሉም ሹሩባ አንድ ነው» አለኝ።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው!» ብዬ ጮኽኩበት፤ ጣቢያው በሙሉ ዞሮ አየኝ። እሱ ግን አልተቆጣም። «በየቀኑ ለሰባ ሺህ ሰው ሰላምታ የምትሰጥን ሴት ጠፋች ብዬ ባሰፍር አለቃዬ ምን ይለኛል? እርስዎ ራስዎ ይፍረዱ። ዝም ያለች ዕለት ይምጡ» ብሎ እስከ በሩ ሸኘኝ። እሱ የተናገረውን እያሰብኩ በዝናብ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሰኞ አባትሽን ለሻሊ እናት አደራ ሰጥቼ፣ «የፀጉር ዕቃ ልገዛ ነው» ብዬ ዋሽቼ ናይሮቢ ወጣሁ። ያንን የሮይሳምቡን ቤትሽን አራት ፎቅ ደረጃ በየቀኑ እንዴት ነው የምትችዪው? በሩን የከፈተችልኝ ጄሮቲች ናት፤ ቪዲዮሽን የምትቀርጽልሽ ያቺ ቀጭን ልጅ። ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ። «እማ፣ ዋውዳ ደወለችልዎት?» አለችኝ። እሷ ታውቃለች ብዬ ነበር ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት፤ እሷ ደግሞ እኔን ጠየቀችኝ። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሻይ አፍልታ፣ አንቺ ያልነገርሽኝን ሁሉ እሷ ነገረችኝ። አንድ ሰው ጽፎልሽ ኖሯል። ባሕር ማዶ ደሴት ላይ ገና ያልተከፈተ ሆቴል አለ፤ አምስት ታዋቂ የኬንያ ሴቶች ተመርጠው ሁለት ሳምንት እየኖሩበት ይቀርጹታል፤ እስኪመረቅ ድረስ ግን ለእናት እንኳ መንገር ክልክል ነው፤ ፎቶ እንዳይሾልክ ሲገቡ ስልካቸውን ያስረክባሉ።

«ይህንን አመናችሁ?» አልኳት።

«እማ፣ በእኛ ሥራ የተለመደ ነው። ትልልቆቹ ሁሉ ምርቃቱ እስኪደርስ አፍ ያስዘጋሉ። ዋውዳ ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲህ ሠርታ በሰላም ተመልሳለች።»

«ገጹስ? በየጠዋቱ የሚወጣው?»

«ገጽ ዝም ካለ ይሞታል እማ። ገጽ እንደ ላም ነው፣ ካልታለበች ትነጥፋለች ነው ዋውዳ የምትለው። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ባለው ቅዳሜ ከንጋት እስከ ምሽት ሠላሳ ቪዲዮ ቀረጽን። ሠላሳ ልብስ፣ ሠላሳ እንደምን አደራችሁ። እሁድ በረረች። እኔ በየጠዋቱ አንድ አንድ እለቃለሁ።»

«ማሚ ብለሽ የመለስሽልኝ አንቺ ነሽ?»

አንገቷን ደፋች። «አስተያየት ካልተመለሰለት ሰው ይሸሻል» አለች።

ሁለት ሳምንቱ ካለፈ ስምንት ቀን ሆኖት ነበር! «ምርቃቱ ተራዝሞ ይሆናል ብዬ ነው፤ ገጿን ገድዬ ብጠብቃት ይቅር አትለኝም» ስትለኝ እጄን ለጥፊ አንስቼ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። ግን ልጅቷን ሳያት እንቅልፍ ካየች ሰንብታለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ የቀለበት ጣቷን ጥፍር እስከ ሥጋው በልታዋለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እጄን መለስኩት።

«ሌሎቹ አራቱስ እነማን ናቸው?» አልኳት። ስማቸውን ታውቃለች። «ክፈቺልኝ» አልኳት።

አንዷ የኪሱሙ ልጅ ናት፤ ምግብ ታበስላለች። አንዷ የኤልዶሬት ናት፤ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ታወራለች። ሁለቱ የናይሮቢ ናቸው። አራቱም በዚያ ጠዋት ቪዲዮ ለቀዋል፤ አራቱም ይስቃሉ። መነጽሬን አድርጌ ጭንቅላት ጭንቅላታቸውን አየሁ፤ ከዛሬ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ዛሬ። የኪሱሟን ልጅ ሹሩባዋን ያጠበቀባት ማን እንደሆነ እንጃ፣ ግንባሯ ላይ ሽፍታ አውጥቶባታል። በሁለት ቀን መጥፋት የነበረበት ሽፍታ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጠፋም። የኤልዶሬቷ ፀጉሯን ተላጭታለች። እሷ ናት ይበልጥ ያስፈራችኝ፤ ሁልጊዜ ትናንት የተላጨች ናት፤ ከጆሮዋ በላይ ያለችው የምላጭ ጭረትም እስከ ዛሬ አልደረቀችም። ሁለቱን የናይሮቢ ልጆች ካየሁ በኋላ መነጽሬን አወለቅሁ።

«ጄሮቲች፣ ስንት እናት ናት በየጠዋቱ ‹ልጄ ደህና ናት› እያለች ሻይዋን የምትጠጣው?» አልኳት። እሷ ስልኳን ብቻ አቀበለችኝ።

ከአንቺ ቁጥር የመጣ መልእክት ነው፤ የአርብ ዕለት። «ሁሉ ሰላም። መልቀቅሽን ቀጥዪ፤ እንዳታቋርጪ» ይላል። ከሥሩ ሌላ አለ። «ሥራሽን ወደውታል። አንቺም እንድትመጪ ይፈልጋሉ። ፓስፖርት አለሽ?»

«እማ» አለችኝ ጄሮቲች። «ዋውዳ ፓስፖርት እንዳለኝ ታውቃለች። አንድ ላይ ወረፋ ይዘን ነው ያወጣነው።»

ልጅቷን እዚያች ቤት ትቻት አልመጣሁም። ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ አብራኝ መጣች፤ አሁን አንቺ አልጋ ላይ ናት። አውቶቡሱ ውስጥ ሙሉ መንገድ እጄን ይዛ ነበር።

የቀረኝ አባትሽ ነበር። ልቡ ቀጥ ይልብኛል ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ፈራሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ «የዋውዳ አባት፣ የምነግርህ ነገር አለ» አልኩት።

«ስለ ጉንፋኑ ነው?» አለኝ።

«የምን ጉንፋን?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዓይን እንጂ ጆሮ የለሽም። ልጅቷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አፍንጫዋ ዝግ ነው፤ ‹እንደምን› ስትል ይይዛታል። በየቀኑ፣ እኩል። ወር ሙሉ የማይብስና የማይሻል ጉንፋን የት አገር አለ? እኔ እኮ በሳምንቱ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ልቧን ጫኚላት እያልክ ስታዘኝ የከረምከው ምን ልትሆን ነው?»

«አንቺ ጠዋት ጠዋት ስታያት ፊትሽ ይፈካል» አለኝ። «እኔ ከአልጋ የማልነሳ ሰው ምን ላድርግልሽ? እሷኑ ልንጠቅሽ?»

ዋውዳ፣ ሁለታችን አንዳችን ላንዳችን ስንል በየጠዋቱ ቲያትር ስንሠራ ከርመናል። ያን ጊዜ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ፤ በሚታዘዝለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ፣ እንደ ሕፃን። አርባ ዓመት ስንኖር ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ጄሮቲች አራቱን የቀሩትን ቪዲዮዎች እንልቀቅና እንጠብቅ ትላለች፤ ከእነዚያ ሰዎች ጋር እንዳንጣላ። ፈርታ ነው፤ አልፈርድባትም። እኔም ፈርቻለሁ። ብንናገር ይጎዱሽ ይሆን? ዝም ብንል ከዚያ ራቅ ወዳለ ቦታ ይወስዱሽ ይሆን? እያልኩ እገለባበጣለሁ። የቆረጠው አባትሽ ነው። «እንዳታቋርጪ ያሉት እነሱ ናቸው። እነሱ የሚፈልጉትን እያደረግን ልጃችንን አናገኛትም» አለ። ከዚያ «ንጹሕ ሸሚዝ አልብሺኝ» አለኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተቀረጽን። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ሰባ ሺህ ሰው አንቺን ሲጠብቅ የምንወጣው እኛ ነን፤ እኔና አባትሽ፣ ገጽሽ ላይ። ጄሮቲች ስልኩን አቁማ «እማ፣ ሲጀምሩ ፈገግ ይበሉ» አለችኝ።

«ልጄ ጠፍታብኝ ፈገግ ልበል?»

«ለሦስት ሰከንድ ብቻ። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ካልያዙት ሰው በጣቱ ገፍቶ ያልፋል። የሚያለቅስ ካየ ደግሞ ቶሎ ነው የሚያልፈው፤ እኔ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ እማ፣ ይመኑኝ።»

አሥራ አንድ ጊዜ ተሞከረ። ፈገግታው አንዴ እንደ ጥርስ ሕመም ሆነብኝ፣ አንዴ በመሃል ተሰበረብኝ፣ አንዴ አባትሽ «ሴትዮዋ ትቀልዳለች እንዴ!» ብሎ አበላሸው። ወገቤ ተቆረጠ። አንቺ ይህን ሠላሳ ጊዜ በአንድ ቀን አደረግሽው፤ ያውም ታመሽ። ስልክ ይዛ ትለፈልፋለች ሲሉሽ አንድም ቀን በደንብ ተከራክሬልሽ አላውቅም፤ ይቅር በዪኝ። በአሥራ ሁለተኛው ሳቅሁ። ከዚያ የአምስታችሁን ስም አንድ በአንድ ጠራሁ፤ እናቶች፣ ልጆቻችሁ ሲስቁ ፊታቸውን አትዩ፣ የፀጉራቸውን ሥር እዩ አልኩ። አሳየኋቸውም፤ የመጀመሪያውን ቀንና የዛሬውን ጎን ለጎን። ቪዲዮው እንደወጣ ወደ ጣቢያው እሄዳለሁ። የሻሊ እናት የሰፈሩን ሴት ሁሉ ይዛ አብራኝ ልትመጣ ነው፤ ያ አስር አለቃ ሹሩባ ከሹሩባ ሳይለይ አንነሳም ብላለች።

ይህን ደብዳቤ ጄሮቲች «ፎቶ አንስቼ ወደ ዋውዳ ቁጥር ልላከው» አለችኝ። እምቢ አልኩ፤ ስልክሽ በማን እጅ እንዳለ አላውቅም። አድራሻም የለኝ። የማበጠሪያዎቼ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። የማይላክ ደብዳቤ ምን ያደርጋል ትይኝ ይሆናል፤ እኔ ሳልነግርሽ ሰባ ሺህ ሰው እንዲሰማው አልፈለግሁም።

አባትሽ በደህና እጁ፣ እኔ በሁለቱም እጆቼ እንባርክሻለን። ያለሽበት በር ይከፈትልሽ። በሌሊት የሚጠብቅሽ አምላክ አያሸልብ። ከአንቺ ጋር ያሉትንም የሰው ልጆች አይርሳ፤ የኪሱሟ ግንባሯን ቅባት ትቀባ፤ ሽፍታው ያማል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ምናልባት እዚያ ለሥራቸው ስልክ የሚያስይዙሽ ከሆነ፣ ምናልባት ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ፊታችን ድንገት ቢመጣብሽ፣ እንዳትደነግጪ። አጠገብሽ የቆመው ሰው የሚያየው እኛን ሳይሆን አንቺን ነው። አታልቅሺ፤ ስማችንን አትጥሪ፤ እስክንጨርስም አትጠብቂን። የማታውቂያቸው ሽማግሌዎች ነን፤ ዝም ብለሽ እለፊን።

እናትሽ
ምጎይ